ሃንስ ቤርገር

ሃንስ ቤርገር (ግንቦት 14 ቀን 1865 – ግንቦት 24 ቀን 1933 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ከሜይ 21 ቀን 1873 እስከ ጁን 1 ቀን 1941) ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበ ሰው ነው። ለዚህ ምዝገባ የሰጠው ስም ኤሌክትሮኢንሰፋሎግራም ሲሆን፣ ዛሬ በአጭሩ ኢኢጂ ይባላል። ኢኢጂ በሆስፒታሎች የሚጥል በሽታን ለመመርመር፣ በምርምር ተቋማት ደግሞ ሰው ሲተኛ፣ ሲያስብ፣ ያየውን ነገር ሲለይና ሲያስታውስ አንጎሉ ውስጥ የሚሆነውን ለመከታተል ያገለግላል።

ቤርገር ወደዚህ ሥራ የገባው አሳብ ራሱ የሚለካ ጉልበት እንዳለው ስላመነ ነበር። ሲፈልገው የኖረውን ጉልበት አላገኘም። ያገኘው ግን ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ስለ ትውስታ የሚጠይቁበት መሣሪያ ሆነ። በሌላ በኩል በናዚ ዘመን የነበረው ተሳትፎ ለብዙ ዓመታት ሳይነገር ቆይቶ በቅርብ አሥርት ዓመታት በሰነድ ተረጋግጧል። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ቤርገር በጀርመን አገር በኮቡርግ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ኖይሰስ በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ ፓውል ፍሪድሪሽ ቤርገር ሐኪም ነበር። እናቱ አና ደግሞ የታዋቂው ባለቅኔና የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቅ የፍሪድሪሽ ሩከርት ልጅ ነበረች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በኮቡርግ ካሲሚሪያኑም በተባለው ትምህርት ቤት ከጨረሰ በኋላ በ1892 ወደ በርሊን ሄዶ ሒሳብ መማር ጀመረ። ፍላጎቱ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ መሆን ነበር። ይሁን እንጂ ከአንድ መንፈቅ ዓመት በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ ለአንድ ዓመት የውትድርና አገልግሎት ተመዘገበና በቩርትስቡርግ ከተማ በፈረሰኛ ክፍል ገባ።

በ1893 በአንድ ልምምድ ላይ የተቀመጠበት ፈረስ ደንብሮ በኋላ እግሮቹ ቆመና ቤርገርን ጣለው። የወደቀው በፈረስ የሚጎተት መድፍ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነበር። መድፉ በመጨረሻዋ ቅጽበት ስለቆመ ቤርገር ከድንጋጤ በቀር ጉዳት ሳይደርስበት ተረፈ። የዚያኑ ዕለት ማታ ከአባቱ ደኅንነቱን የሚጠይቅ ቴሌግራም ደረሰው። ኋላ እንደተረዳው፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቃ በቤተሰቡ ቤት የነበረችው ታላቅ እህቱ በዚያ ቀን ወንድሟ አደጋ ላይ እንደሆነ ስለተሰማት አባቷ ቴሌግራም እንዲልክ ወትውታ ነበር።

ሌላ ሰው ይህን አጋጣሚ ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። ቤርገር ግን ድንጋጤው ከአንጎሉ ወጥቶ እህቱ ዘንድ እንደደረሰ አመነ። ከዚያ በኋላ የሥነ ፈለክ ትምህርቱን ትቶ በዬና ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረ፤ በ1897ም በዶክትሬት ተመረቀ። አንድ አሳብ በሥጋ ላይ ምን ምልክት ይተዋል፣ ከምን ጉልበት ይነሣል የሚለው ጥያቄ የሕይወት ዘመኑ ሥራ ሆነ። የፈረሱን አደጋና የቴሌግራሙን ታሪክ በጽሑፍ ያወጣው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1940 ባሳተመው «ፕሲኬ» በተባለ ትንሽ መጽሐፍ ነው።

የዬና ክሊኒክ

ቤርገር ከተመረቀ በኋላ በዬና የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ በኦቶ ቢንስቫንገር ሥር ተቀጠረ። ይህ ክሊኒክ ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈላስፋው ፍሪድሪሽ ኒቼ የታከመበት ነው። ቤርገር ከዚያ በኋላ የሥራ ዘመኑን ከሞላ ጎደል በሙሉ ያሳለፈው በዚሁ ክሊኒክ ነበር። በዚያ ከሠሩት ሰዎች መካከል በኋላ የአንጎልን ቅርፊት በክፍል ከፋፍለው ካርታ በመሥራት የታወቁት ኦስካር ፎግትና ኮርቢኒያን ብሮድማን ይገኙበታል። በ1911 ኡርሱላ ፎን ቢሎ የተባለችውን የሥራ ረዳቱን አገባ፤ አራት ልጆችም ወለዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምዕራቡ ግንባር የጦር ሠራዊት የአእምሮ ሐኪም ሆኖ አገለገለ። በ1919 ቢንስቫንገርን ተክቶ የክሊኒኩ ዳይሬክተር ሆነ፤ በ1927 እና በ1928ም የዬና ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ነበር።

አብረውት የሠሩ ሰዎች ቤርገርን ጥብቅ፣ ሰዓት አክባሪና ዝምተኛ ሰው አድርገው ያስታውሱታል። የክሊኒኩን ሥራ በሰዓቱ ይጀምራል፣ በሰዓቱ ይጨርሳል። ምርምሩን የሚያካሂደው ከዚያ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነበር። ስለዚህ በዬና ካሉት ባልደረቦቹ ብዙዎቹ ምን እንደሚሠራ በደንብ አያውቁም ነበር።

ደምና ሙቀት

ቤርገር በመጀመሪያ የተከተለው ሐሳብ እንዲህ ነበር። አንጎል ከደም ምግብና ኦክስጅን ይቀበላል። ከዚህ የሚያገኘው ኬሚካዊ ጉልበት አይጠፋም፤ ወደ ሌላ የጉልበት ዓይነት ይለወጣል። ከፊሉ ሙቀት፣ ከፊሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል። የቀረው ደግሞ ቤርገር የመንፈስ ጉልበት ብሎ ወደሚጠራው ነገር ይለወጣል። ይህ አስተሳሰብ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ የዴንማርኩ የሥነ ልቦና ሊቅ አልፍሬድ ሌማንም ተመሳሳይ ሐሳብ ነበረው። የሒሳቡ መንገድ ቀላል ይመስላል፦ የገባውን ጉልበት ለካ፤ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ሆኖ የወጣውን ቀንስ፤ የተረፈው የአሳብ ድርሻ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የደም ዝውውርን ለካ። የራስ ቅላቸው በጉዳት ወይም በቀዶ ሕክምና ምክንያት ክፍተት ያለበትን ሕሙማን በማጥናት፣ ሰው ሲደነግጥ፣ ሲደሰት ወይም በአሳብ ሲጠመድ የአንጎል የደም ምት እንዴት እንደሚለወጥ መዘገበ። በዚህ መስክ ጣሊያናዊው አንጄሎ ሞሶ ቀድሞት ሠርቶ ነበር። ቀጥሎ ቤርገር የአንጎልን ሙቀት ለካ፤ በዚህ ላይ የጻፈው መጽሐፍ በ1910 ታተመ። ሆኖም ከደሙም ሆነ ከሙቀቱ የተገኙት ለውጦች ትንንሽና ለትርጉም አስቸጋሪ ነበሩ። ከሦስቱ መንገዶች የቀረው ኤሌክትሪኩ ብቻ ሆነ።

ከቤርገር በፊት

አንጎል ኤሌክትሪክ እንዳለው ቤርገር ከመጀመሩ በፊት ይታወቅ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ኬተን በ1875 በሊቨርፑል የጥንቸሎችንና የዝንጀሮዎችን አንጎል መርምሮ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት እንዳለ ገልጿል። ፖላንዳዊው አዶልፍ ቤክ በ1890 ከክራኮው ተመሳሳይ ውጤት አሳተመ። ቭላዲሚር ፕራቭዲች ኔሚንስኪም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ትንሽ ቀደም ብሎ ከውሻ አንጎል የተገኘ ምዝገባ አወጣ። እነዚህ ሁሉ በእንስሳት ላይ የተሠሩ ናቸው። በሰው ላይ፣ ያውም ከራስ ቆዳ በላይ ሆኖ መመዝገብ ይቻላል ብሎ የጠበቀ ሰው ግን ጥቂት ነበር።

ምክንያቱ የምልክቱ ድካም ነው። ከራስ ቆዳ ላይ የሚገኘው የአንጎል ቮልቴጅ በአብዛኛው በአሥር ማይክሮቮልቶች የሚቆጠር ነው። አንድ ማይክሮቮልት የቮልት አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት አለው፤ 50 ማይክሮቮልት የዚያ አንድ 30,000ኛ ብቻ ነው። የልብ ምልክት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዓይን ሲርገበገብ፣ መንጋጋ ሲጠብቅ፣ ግንባር ሲኮማተር የሚፈጠረው ኤሌክትሪክም የአንጎሉን በቀላሉ ይሸፍናል።

የመጀመሪያው ምዝገባ

ቤርገር ከ1902 ጀምሮ በእንስሳት አንጎል ላይ ሞክሮ ነበር፤ ያገኘው ውጤት ግን አላረካውም። ዕድሉ የተከፈተው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የራስ ቅላቸው በጥይት ወይም በቀዶ ሕክምና የተከፈተ ወጣቶች በዬና ሆስፒታል ነበሩ። አጥንቱ በሌለበት ቦታ አንጎልን ከመሣሪያው የሚለየው ቆዳ ብቻ ስለሆነ ምልክቱ በቀላሉ ይገኛል።

ጁላይ 6 ቀን 1924 ቤርገር የራስ ቅሉ በቀዶ ሕክምና በተከፈተ የ17 ዓመት ወጣት ላይ ኤሌክትሮዶችን አድርጎ ከጋልቫኖሜትር ጋር አገናኘ። የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ኒኮላይ ጉሌከ ነበር። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ቀጭን ክር በጥቂቱ ሲወዛወዝ ታየ። ይህ የሰው አንጎል ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ቀን ተደርጎ ይቆጠራል።

የተጠቀመበት መሣሪያ በመሠረቱ ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ ለመመዝገብ የፈጠረው ዓይነት ነበር። ቀጭን ክር በማግኔት መካከል ይዘረጋል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ክሩ ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል፤ የክሩ ጥላ ደግሞ በሚንቀሳቀስ የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ መስመር ይጽፋል። በኋላ ቤርገር የሲመንስ ኩባንያ የሠራውን የተሻለ ጋልቫኖሜትር አገኘ፤ የኤሌክትሮዶቹንም ዓይነት ደጋግሞ ለወጠ። ከቆዳ ሥር የሚገቡ መርፌዎችንና በራስ ላይ የሚታሰሩ የብረት ቅጠሎችን እየቀያየረ ሞክሯል።

አምስት የጥርጣሬ ዓመታት

ቤርገር ያየውን ወዲያው አላሳተመም። ከ1924 እስከ 1929 ያሉትን አምስት ዓመታት ያሳለፈው የራሱን ግኝት በመጠራጠር ነው። መስመሩ የልብ ምት ቢሆንስ? የደም ሥር ንዝረት ቢሆንስ? የጡንቻ፣ የዓይን ወይም የቆዳ ኤሌክትሪክ ቢሆንስ? እነዚህን አንድ በአንድ ለመለየት የልብን ምልክትና የአንጎልን ምልክት ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ መዘገበ። የአንጎሉ ሞገድ ከልብ ምት ጋር አብሮ የማይሄድ መሆኑን ሲያይ አንዱ ጥርጣሬ ወደቀ፤ ወደሚቀጥለውም አለፈ። ከሕሙማን ውጪ ጤነኞችንም መረመረ። ከእነዚህ መካከል ልጁ ክላውስ ይገኝበታል፤ ቤርገር በእሱ ላይ ደጋግሞ መዝግቧል።

በ1929 ስለ ሰው ኤሌክትሮኢንሰፋሎግራም የሚል ርእስ ያለውን የመጀመሪያ ጽሑፉን አሳተመ። እስከ 1938 ድረስ በዚሁ ርእስ በተከታታይ ቁጥር 14 ጽሑፎች አወጣ። በጽሑፎቹ ሁለት ዓይነት ሞገዶችን ለየ። ትላልቆቹና ዝግተኞቹ በአማካይ 90 ሚሊሰከንድ የሚወስዱ ነበሩ፤ ይህም በሰከንድ 11 ጊዜ ያህል ማለት ነው። ትንንሾቹና ፈጣኖቹ በአማካይ 35 ሚሊሰከንድ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን አልፋ፣ ሁለተኞቹን ቤታ ብሎ ሰየማቸው። እነዚህ ስሞች እስከ ዛሬ አልተለወጡም። በአሁኑ አጠራር አልፋ በሰከንድ ከ8 እስከ 13፣ ቤታ ከ13 እስከ 30 ያህል የሚመላለስ ሞገድ ነው። ከእነሱ የሚዘገዩት ቴታ (ከ4 እስከ 8) እና ዴልታ (ከ4 በታች) በኋላ ሌሎች የሰየሟቸው ናቸው።

ትልቁ ነገር ሞገዱ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ከሰውየው ሁኔታ ጋር መለዋወጡ ነበር። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በእርጋታ ሲቀመጥ አልፋ ጎልቶ ይታያል። ዓይኑን ሲገልጥ ይደክማል። ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ከበድ ያለ የቃል ስሌት ቢሰጠው ሞገዱ ይቀንሳል። ቤርገር ይህን ከትኩረት ጋር አያያዘው። የአሳብ ሥራ በወረቀት ላይ የሚታይ ምልክት ሲተው ይህ የመጀመሪያው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሌላ በእንቅልፍ፣ በማደንዘዣና በሚጥል በሽታ ጊዜ ሞገዱ እንዴት እንደሚለወጥ መዝግቧል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ትውስታን ቀስ በቀስ በሚያጠፋው የአልዛይመር በሽታ በተያዘ ሰው ላይ የተዛባ ሞገድ እንዳየም ጽፏል። በ1932 በዬና የነበረው የፊዚክስ ባለሙያ ጉንተር ዲትሽ የቤርገርን ምዝገባዎች በፉሪየር ትንተና መረመረ። ይህ አንድን የተወሳሰበ ሞገድ በውስጡ ወዳሉት ቀላል ሞገዶች የሚበትን የሒሳብ ዘዴ ነው። ያን ጊዜ በእጅ የሚሠራ አድካሚ ስሌት ነበር፤ ዛሬ ኮምፒዩተር ፈጣን የፉሪየር ለውጥ በሚባለው ስልት በቅጽበት ይሠራዋል፤ በኢኢጂ ምርምር ውስጥም በጣም ከተለመዱት ስሌቶች አንዱ ነው።

ተቀባይነት ማግኘት

የቤርገር ጽሑፎች ለጥቂት ዓመታት ብዙም ትኩረት አላገኙም። ቤርገር የአእምሮ ሐኪም እንጂ በነርቭ ኤሌክትሪክ የሠለጠነ ሰው አልነበረም። በዘመኑ የነርቭ ምልክት አጭርና ፈጣን እንደሆነ ይታወቅ ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ዝግተኛና ወጥ ሞገድ ከሚሊዮኖች ሴሎች ሊመጣ መቻሉን ብዙዎች አላመኑም።

ነገሩ የተለወጠው በ1934 ነው። በ1932 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ የነበረው ኤድጋር ኤድሪያን ከብራያን ማቲውስ ጋር በካምብሪጅ ሙከራውን ደገመው። እነሱ የተሻለ ማጉያ መሣሪያ ነበራቸው። በዚያው ዓመት ኤድሪያን የራሱን የአልፋ ሞገድ በሳይንቲስቶች ስብሰባ ፊት አሳየ፤ ሞገዱንም የቤርገር ምት ብለው ጠሩት። በአንድ ነገር ግን ከቤርገር ተለዩ። ቤርገር ሞገዱ ከመላው የአንጎል ቅርፊት የሚወጣ ይመስለው ነበር፤ እነሱ ግን በዋናነት ከአንጎል የኋላ ክፍል፣ ዕይታን ከሚያከናውነው አካባቢ እንደሚመጣ አሳዩ።

በ1935 በአሜሪካ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በአንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ጊዜ በሰከንድ 3 ጊዜ የሚመላለስ ልዩ ሞገድ እንዳለ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ኢኢጂ የሆስፒታል መሣሪያ ሆነ። በ1937 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሥነ ልቦና ጉባኤ ቤርገር ከኤድሪያን ጋር በአንድ መድረክ ሊቀመንበር ሆኖ ተቀመጠ። ኖቤልን ግን አላገኘም።

በናዚ ዘመን

ቤርገር በ1938 በ65 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ከጦርነቱ በኋላ በተጻፉ ብዙ የሕይወት ታሪኮች ውስጥ ቤርገር የናዚ ተቃዋሚ እንደነበረና በግድ ከሥራው እንደተባረረ ይነገር ነበር። በኋላ የታሪክ ተመራማሪዎች የዬናን መዛግብት ሲመረምሩ ሌላ ነገር አገኙ። ጡረታው በዕድሜው ምክንያት የመጣ መደበኛ ጡረታ ነበር። ቤርገር የኤስኤስ ደጋፊ አባል ሆኖ ገንዘብ ያዋጣ ነበር። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ በዬና በነበረው የዘር ጤና የይግባኝ ፍርድ ቤት በዳኝነት መቀመጡ ነው።

ይህ ፍርድ ቤት የተቋቋመው በ1933 በወጣውና በ1934 መጀመሪያ ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። ሕጉ የአእምሮ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የመስማት ችግርና የመሳሰሉት ያሉባቸውን ሰዎች በግዳጅ ማምከን ይፈቅድ ነበር። በናዚ ዘመን በዚህ ሕግ የመከኑት ሰዎች ወደ 400,000 ይገመታሉ። የተፈረደባቸው ሰዎች የመጨረሻ ተስፋቸው ይግባኝ ነበር፤ ቤርገር የተቀመጠውም በዚያ ወንበር ላይ ነው። ኢኢጂ ከማንም በፊት የጠቀመው የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ነው፤ በዚያው ሕግ ከሚመክኑት መካከልም እነሱ ነበሩበት። በ1941 የዬና ዩኒቨርሲቲ ሬክተርና የናዚ የዘር ፖሊሲ አስፈጻሚ የነበረው ካርል አስቴል እንደገና በፍርድ ቤቱ እንዲያገለግል ሲጠይቀው ቤርገር ፈቃደኛ መሆኑን ገልጿል።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በጤና መታወክና በከባድ ድባቴ ውስጥ ሳለ፣ ጁን 1 ቀን 1941 በዬና ራሱን አጠፋ። ዕድሜው 68 ነበር።

እነዚህ ሰነዶች ከታተሙ በኋላ ቤርገርን ማወደስ እንዴት ይገባል የሚለው በነርቭ ሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ መከራከሪያ ሆኗል። ግኝቱ ትክክል መሆኑ አልተለወጠም፤ ማንም በየትኛውም አገር ደግሞ ሊያየው ይችላል። የሰውየው ታሪክ ግን ያለ ፍርድ ቤቱ ወንበር የተሟላ አይደለም።

ከቤርገር ሞገድ እስከ ትውስታ ጥናት

ቤርገር በወረቀት ላይ ያየው የአንጎሉን አጠቃላይ ሁኔታ ነው፦ ነቅቷል፣ ተኝቷል፣ በሥራ ተጠምዷል። አንድ ሰው አንድን ቃል ወይም ፊት ሲያይ የሚፈጠረው ምላሽ ግን ከዚህ ሞገድ ያነሰ በመሆኑ በውስጡ ይሰወራል። መፍትሔውን በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያበጀው በለንደን የሠራው ጆርጅ ዳውሰን ነው። ዘዴው አንድን ነገር ደጋግሞ አሳይቶ ምዝገባዎቹን መደመርና አማካይ መውሰድ ነው። ከተገለጸው ነገር ጋር የማይያዘው ሞገድ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ስለሚሆን ሲደመር እርስ በርሱ ይጣፋል። ምላሹ ግን ሁልጊዜ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ይቀራል። በሒሳብ ሲታይ ረብሻው የሚቀንሰው በድግግሞሹ ቁጥር ካሬ ሥር ልክ ነው፤ 100 ጊዜ ቢደገም ረብሻው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በ1965 ሳሙኤል ሰተንና ባልደረቦቹ በዚሁ መንገድ ያልተጠበቀ ነገር ከታየ ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ የሚመጣውን ምላሽ ገለጹ፤ ይህም ፒ300 ይባላል።

የትውስታ ሙከራ በአብዛኛው እንዲህ ይሠራል። ኢኢጂ የተደረገለት ሰው በመጀመሪያ የቃላት ወይም የሥዕሎች ዝርዝር ያያል። ቆይቶ ያያቸው ካላያቸው ጋር ተቀላቅለው ይቀርቡለታል፤ እሱም ለእያንዳንዱ የታየ ወይም አዲስ ብሎ በቁልፍ ይመልሳል። በትክክል የታየ የተባሉት ምዝገባዎች ለብቻ፣ በትክክል አዲስ የተባሉት ለብቻ ይደመራሉ። ሁለቱ አማካዮች ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው በሁለት ቦታ ጎልቶ ይታያል። የመጀመሪያው ቃሉ ከታየ ከ300 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ፣ በራስ የፊት ክፍል ነው። ሁለተኛው ከ500 እስከ 800 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ፣ በአብዛኛው በራስ የግራ ጎን ወደ ኋላ ነው።

ብዙ ተመራማሪዎች እነዚህን ሁለቱን ከሁለት ዓይነት ትውስታ ጋር ያያይዟቸዋል። መንገድ ላይ አንድ ሰው ሰላም ሲለን መልኩን እናውቀዋለን፤ ማን እንደሆነና የት እንደተዋወቅን ግን ይጠፋብናል። ይህ መለየት ብቻ ነው። ቆይቶ ስሙ፣ ቦታውና የተነጋገርነው ነገር ሲመጣልን ደግሞ ማስታወስ ይሆናል። ቀደም ብሎ የሚመጣው ምላሽ ከመለየት ስሜት ጋር፣ ዘግይቶ የሚመጣው ዝርዝሩን ከማስታወስ ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። ስለ መጀመሪያው ግን ክርክር አለ፤ አንዳንዶች ምላሹ የሚያሳየው ቃሉ ለአንጎል ቀለል ማለቱን እንጂ የመለየት ስሜትን አይደለም ይላሉ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ቃላቱ መጀመሪያ ሲታዩ የነበረውን ምዝገባ ወደ ኋላ ተመልሰው ይመረምራሉ። ቆይተው የሚታወሱት ቃላትና የሚረሱት ቃላት ገና ሲታዩ የሚሰጡት ምላሽ በአማካይ ይለያያል።

የኢኢጂ ጥንካሬ ጊዜ ነው፤ በሺህኛ ሰከንድ የሚለዋወጠውን ይከታተላል። ድካሙ ደግሞ ቦታ ነው። ምልክቱ በራስ ቅልና በቆዳ ሲያልፍ ስለሚደበዝዝ ከየትኛው ጥልቅ የአንጎል ክፍል እንደመጣ በትክክል መናገር ያስቸግራል። ለትውስታ አስፈላጊ የሆነው ሂፖካምፐስ ከውስጥ በኩል ስለሚገኝ ከራስ ቆዳ ላይ ሆኖ እሱን በቀጥታ ማየት ከባድ ነው። ከሁሉ በላይ ኢኢጂ ሰው ምን እንዳስታወሰ አያነብብም። አንጎሉ አንድን ነገር ቀድሞ እንዳወቀው ዓይነት ምላሽ መስጠቱን በአማካይ ያሳያል እንጂ አሳቡን አውጥቶ አያሳይም። በወንጀል ምርመራ ተጠርጣሪን በዚህ መንገድ ለመፈተን የቀረቡ ሐሳቦች አከራካሪ ሆነው የቆዩትም ለዚህ ነው።

ቅርስ

ቤርገር ከአንጎል ወደ አንጎል የሚተላለፍ ጉልበት ሲፈልግ ከቤት የማይወጣ ደካማ ምልክት አገኘ። ከራስ ቆዳ ላይ ለመያዝ እንኳ አምስት ዓመት ጥርጣሬ የፈጀበት ይህ ምልክት ራቅ ብላ ወዳለች እህት ሊደርስ እንደማይችል የራሱ መለኪያ ያሳያል። እሱ ግን የቴሌፓቲ እምነቱን እስከ መጨረሻው አልተወም። ሳይንሱ የቆመው በእምነቱ ላይ ሳይሆን የልብን ምት፣ የጡንቻንና የዓይንን ምልክት አንድ በአንድ ለይቶ ባስቀረበት ትዕግሥት ላይ ነው። ዛሬም ኢኢጂ የሚመረምር ሁሉ ሥራውን የሚጀምረው በዚያው ነው፦ ከአንጎል ያልመጣውን በማስወገድ። አልፋና ቤታ የሚሉት ስሞች፣ ኤሌክትሮኢንሰፋሎግራም የሚለው ቃልና ዓይን ሲገለጥ የሚደክመው የቤርገር ምት የእሱ ናቸው። የዬና ይግባኝ ፍርድ ቤት መዝገብም የእሱ ታሪክ አካል ነው።